«ኬራስ» ለልጅ ይተላለፋል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። አባቴ 58 ዓመቱ ነው፤ የትልቁ አንጀት ካንሰር ተገኝቶበት ወደ ጉበቱም ተሰራጭቷል። የዕጢው ናሙና ተመርምሮ ወረቀቱ ላይ «ኬራስ ጂ12ዲ» ተብሎ መጣ። ዘመድ ሁሉ «የዘር ነው» እያለ እናቴ እንቅልፍ አጥታለች። እኔ 31 ዓመቴ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ለእኛም ይተርፋል? አንድ ወዳጃችን ደግሞ ሴቱክሲማብ የሚባል ውድ መድኃኒት ከውጭ አስመጡ ብሎን መሬት ልንሸጥ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዜር ይማርልህ። በመጀመሪያ፣ ለዚህ መድኃኒት ብላችሁ መሬት አትሽጡ።

ኬራስ ሁላችንም ያለን ጂን ነው፤ 12ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። የሚያሠራው ትንሽ ፕሮቲን ለሴሉ «ተባዛ» የሚለውን መልእክት ያቀብላል። ጂቲፒ የሚባል ሞለኪውል ሲይዝ ይከፈታል፣ ያንን ቆርጦ ጂዲፒ ሲያደርገው ይዘጋል። አባይ ከጣና የሚወጣበትን የጫራጫራን በር አስበው፤ ሲታዘዝ ይከፈታል፣ ሲታዘዝ ይዘጋል። ተከፍቶ ተሰንቅሮ ቢቀርስ?

የአባትህ ዕጢ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ሰንሰለት ነው፤ ጂ12ዲ ማለት 12ኛው ቦታ ላይ የነበረው ግላይሲን የተባለው ወጥቶ አስፓርቲክ አሲድ የተባለው ገባ ማለት ነው። ዲኤንኤው ላይ ጂጂቲ የነበረው ጂኤቲ ሆነ፤ የተቀየረችው አንዲት ፊደል ናት። ግላይሲን ከአሚኖ አሲዶች ሁሉ ትንሹ ስለሆነ፣ በእሱ ቦታ ተለቅ ያለ ሲገባ በሩን ለመዝጋት የሚያግዘው ሌላው ፕሮቲን ሥራውን መሥራት ያቅተዋል።

ሴቱክሲማብ «ክፈት» የሚለውን ትእዛዝ ከሴሉ ውጭ ነው የሚያፍነው። በሩ ራሱ ተሰንቅሮ ከቀረ የዘበኛውን ስልክ ብትቆርጠው ውኃው አይቆምም። ፓኒቱሙማብ የሚባለው ተመሳሳይ መድኃኒትም ያው ነው። ሐኪሞች እነዚህን ከማዘዛቸው በፊት ይህን ምርመራ የሚያሠሩት ለዚህ ነው። ደግሞ አባትህ ብቻቸውን አይደሉም፤ የትልቁ አንጀት ካንሰር ካለባቸው 10 ሰዎች የ4ቱ ገደማ ዕጢ የኬራስ ለውጥ አለው። መደበኛው ኬሞቴራፒ በኬራስ ምክንያት አይቀርባቸውም።

ኢንተርኔት ላይ «ለኬራስ መድኃኒት ተገኘ» የሚል ብታይ ፊደሏን ተመልከት። እንደ ፈረንጆቹ በ2021 አሜሪካ ውስጥ ለሳንባ ካንሰር የተፈቀደው ሶቶራሲብ ለጂ12ሲ ነው፣ የአባትህ ዲ ነው።

የዘሩን ነገር ግን ለእናትህ ዛሬ ማታ ንገራቸው፦ ይህ ለውጥ ዕጢው ውስጥ በኋላ የተፈጠረ ነው እንጂ አባትህ ይዘውት የተወለዱት አይደለም፣ ስለዚህ አንተም አልወረስከው፣ ልጆችህም አይወርሱትም። በኬራስ ባይሆንም የትልቁ አንጀት ካንሰር በቤተሰብ ሲኖር ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንተ 40 ሲሞላህ ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ ውስጡን የሚያይ ምርመራ) ተደረግ፤ ሰገራህ ላይ ደም ካየህ ግን 40ን አትጠብቅ።

ሐኪማቸው ጋ ስትሄዱ ደግሞ «ኤምኤስአይ ተመርምሯል ወይ?» በሉ፤ ይህ የዕጢው ሴሎች ዲኤንኤ ሲገለበጥ የሚፈጠረውን ስሕተት ማረም አቅቷቸው እንደሆነ የሚያሳይ ምርመራ ነው። በዘር የሚመጣውን ዓይነት ለመጠርጠር የሚረዳው እሱ ነው፤ ውጤቱ ከፍተኛ ከሆነ ደግሞ ሌላ የሕክምና መንገድም ይከፍታል።