ኤምአርአይ፣ ሲቲ ስካን፣ አልትራሳውንድ፦ የጠየቃችሁኝና መልሴ

የምሠራው ራጅ ክፍል ነው። ከጥያቄዎቻችሁ የሚደጋገሙትን ልመልስ።

ነገ የጭንቅላት ኤምአርአይ አለብኝ። ጠባብ ቦታ ያፍነኛል።

ብቻህን አይደለህም። ዛሬውኑ ለሐኪምህ ንገረው፤ የሚያረጋጋ መድኃኒት ሊያዝልህ ይችላል። ከወሰድከው ግን መኪና አትነዳም፣ ሰው ይዘህ ሂድ። ማሽኑ ሲጀምር ድው ድው ይላል፣ ይጮኻል። ተበላሽቶ አይደለም፣ ጠባዩ ነው። የጆሮ መከላከያ ይሰጥሃል። እጅህ ላይ ደግሞ የምትጫናት መጥሪያ አለች፤ ካቃተህ እናወጣሃለን። የእኔ ምክር፦ ዓይንህን ሳትገባ ጨፍን። ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 45 ደቂቃ ይፈጃል። ከተንቀሳቀስክ ምስሉ ስለሚደበዝዝ እንደገና ይነሳል።

የአንገቴን መስቀል የግድ ላወልቅ?

ብረት ከሆነ አዎ፣ እናቴ። የክር ማተቡ ይቆይ። ኤምአርአይ ትልቅ ማግኔት ነው። ብዙ ጊዜ የምናየው ማሽን 1.5 ቴስላ (የማግኔት ጉልበት መለኪያ) ነው፤ ከመሬት ማግኔት 30 ሺህ እጥፍ ገደማ ይበረታል። ምርመራ ባይኖርም ማግኔቱ አይጠፋም። ቁልፍ፣ ስልክ፣ የፀጉር ሽቦ ሁሉ ውጭ ይቀራል። እኔን የሚያስፈራኝ ግን የማይወልቀው ነው፦ የልብ ምት ማስተካከያ፣ ሰውነት ውስጥ የቀረ የጥይት ፍንጣሪ፣ ብየዳ ላይ ዓይን ውስጥ የገባ ብረት። ከ20 ዓመት በፊት የሆነም ቢሆን ይንገሩን።

ሲቲ ስካን ላይ የሚወጉት መድኃኒት ያቃጥላል?

አዮዲን ያለበት ነው። ሰውነትህን ሙቀት ይወርረዋል፣ አፍህ ብረት ብረት ይላል፣ ሽንትህ ያመለጠህም ሊመስልህ ይችላል። አላመለጠህም፤ ወዲያው ያልፋል። ካሳከከህ ወይም ትንፋሽ ካጠረህ ግን ሳትውል ሳታድር እዚያው ተናገር። የኩላሊት ሕመም ካለብህ ወይም ለስኳር ሜትፎርሚን የምትወስድ ከሆነም አስቀድመህ አሳውቅ።

ለአልትራሳውንድ እኔን ውኃ ጠጥተሽ ነይ አሉኝ፣ እህቴን ጾመሽ ነይ። የቱ ነው ልክ?

ሁለቱም። ማህፀን በደንብ የሚታየው ፊኛ ሲሞላ ነው። ሐሞት ከረጢት ደግሞ ምግብ ሲገባ ይጨመታተራል፣ አይታይም። እህትሽ ምንም አትብላ፤ «የጾም ነው» ብላ ሽሮ በልታ የመጣች አጋጥማኛለች!

እርጉዝ ነኝ፤ ጨረሩስ?

አልትራሳውንድም ኤምአርአይም የራጅ ዓይነት ጨረር የላቸውም። ራጅና ሲቲ ስካን አላቸው። ስለዚህ ብትጠረጥሪም እንኳ ቀድመሽ ንገሪን።

ባለሙያው ምስሉን እያየ ውጤቱን ለምን ይደብቀኛል?

አይደብቅህም። እኛ እናነሳለን፣ የሚያነበው ራዲዮሎጂስቱ፣ ማለትም የምስል ሐኪሙ ነው። የድሮ ፊልም ወይም ሲዲ ካለህ ይዘህ ና፤ አብሮ ያስተያየዋል።