ዝም ስል ሃሳብ ይበዛብኛል ላልሽው
አብሽሪ እህቴ፣ ለሜዲቴሽን ዝም ብዬ ስቀመጥ ጭንቅላቴ ይባስ ይንጫጫል፣ ተሳስቼ ነው ወይ ላልሽው አልተሳሳትሽም። ጫጫታው ድሮም ነበረ፣ ወሬ ሸፍኖት ነው እንጂ። በዮጋ ይሄ ዝምታ ሞውና ይባላል፣ ጋንዲ ራሱ ሰኞ ሰኞ አይናገርም ነበር፣ ሲቸግረው በወረቀት ይጽፋል። ቪፓሳና የሚባለውን የ10 ቀን የሜዲቴሽን ስልጠና የሚገቡትም እስከ 9ኛው ቀን እርስ በርስ አያወሩም፣ በምልክትም አይግባቡም። ለኛም እኮ ባዕድ አይደለም፣ አርምሞ የምንለው አለ አይደል፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም እዚሁ አጠገባችን ነው።

እኔ ደሴ ነኝ፣ ጠዋት ከጦሳ ተራራ ላይ ጉሙ ሳይነሳ ጋቢዬን ተከናንቤ በረንዳ ላይ 15 ደቂቃ እቀመጣለሁ፣ ስልኬን ውስጥ ትቼ። መጀመሪያ ሰሞን እናቴ ያኮረፍኩ መስሏት ቡናውን ይዛ መጥታ "ማን አስቀየመህ ልጄ" አለችኝ፣ ስለዚህ ለቤተሰብ ቀድመሽ ንገሪ፣ ወሎ ቤት ዝም ያለ ሰው ያስጨንቃል። ሃሳቡን ለማባረር አትታገይ፣ ትንፋሽሽ አፍንጫሽ ጫፍ ላይ ሲገባ ሲወጣ ብቻ አዳምጪው፣ ሃሳብ ይዞሽ ሲሄድ ተመለሽ፣ መቶ ጊዜም ቢሆን። በ5 ደቂቃ ጀምሪ። ከባድ ሀዘን ወይ ጭንቀት ላይ ከሆንሽ ግን የ10 ቀኑን ለአሁን ተይው።