የደንገጎ ቁልቁለትና የፍሬን ነገር፦ ጥያቄና መልስ

ድሬዳዋ ውስጥ ጋራዥ አለኝ። በር ላይ ከሚቆምልኝ መኪና ብዙው የደንገጎ ቁስለኛ ነው። ከሐረር በኩል ይወርዳል፣ ቸርኬው ይጨሳል፣ በቀጥታ እኔ ጋ። “ስለ ፍሬን የከበዳችሁን ጠይቁኝ” ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የድሬ ሰው ስለሆንኩ ሁላችሁንም አንተ፣ አንቺ እላለሁ። አቦ እንዳትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ከሐረር ድሬ ሚኒባስ እነዳለሁ። ደንገጎን ልጨርስ ስል ፔዳሉ ወለል ይነካል። ቆሜ ሻይ ጠጥቼ ስነሳ ይመለሳል። ሸራ ሁለቴ አስቀየርኩ፤ ያው ነው።

ሸራህን፣ ያን ከጎማው ጋር የሚዞረውን ብረት እየፈተገ የሚያቆመውን፣ ተወው፤ የፈላው ዘይትህ ነው። የእግርህን ግፊት ወደ ቸርኬው የሚያደርሰው የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 (ዶት የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው) ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል። ውሃ ሲገባበት ግን መፍያው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይሠራል። ዘይት አይጨመቅም፣ አረፋ ይጨመቃል። ያን ጊዜ እግርህ የሚረግጠው አረፋውን ነው። ሲቀዘቅዝ አረፋው ተመልሶ ዘይት ይሆናል፤ ፔዳሉም ምንም እንዳልነበረ ቀጥ ይላል። መካኒክህ ጋ ስትደርስ “ደህና ነው እኮ” የምትባለው ለዚህ ነው።

በቀደም የአንዱን ደንበኛ ዘይት በሻይ ብርጭቆ ቀድቼ አሳየሁት። አጠገቡ አዲሱን አስቀመጥኩ። አዲሱ ፈዛዛ ቢጫ፣ የእሱ የቡና አተላ። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሳና “ይሄን ይዤ ነው ሰው የጫንኩት?” አለኝ። ዝም አልኩ።

ሙሉውን በየሁለት ዓመቱ አስቀይር። አንተ ግን በየቀኑ ቁልቁለት ስለምትወርድ በየዓመቱ አድርገው። መኪናህ የሚፈቅድ ከሆነ ዶት 4 ይሻልሃል፤ አዲሱ ቢያንስ 230 ይችላል። ሲጎድል የሞተር ዘይት የሚሞሉ አሉ፤ ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግደውን ጎሚኒ ያሳብጠዋል። እንዳታደርገው።

ጥያቄ፦ የእኔ ፔዳል ጠንካራ ነው፣ መኪናው ግን አይቆምም። የተቃጠለ ነገርም ይሸታል።

ያንቺ ደግሞ ሸራው ነው። ሸራውን የያዘው ማጣበቂያ ከልክ በላይ ሲግል ይቃጠላል፣ ጋዝ ያወጣል፣ ፊቱም እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። እንዲህ የሆነ ሸራ ገና ወፍራም ቢሆንም አይዝም። ሰው ሸራ የሚያልቀው በመፋቅ ብቻ ይመስለዋል። ሙቀት ግን ሳይፍቀው ይገድለዋል።

እስቲ እናስላው። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና 800 ሜትር ቁልቁል ወረደ እንበል። ጉልበቱ ሁሉ ወደ ሙቀት ቢቀየር 35 ሊትር ያህል ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ ያፈላል። ይሄን ሁሉ መዳፍ በምታክል ሸራ ላይ ነው የምንጭነው። ስለዚህ ሞተሩ ይካፈልሽ። “በወጣህበት ማርሽ ውረድ” የሚሉት የድሮ ሾፌሮች ልክ ናቸው። ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ቀንሺ። ፍሬኑ ላይ እግርሽን አሳርፈሽ አትውረጂ፤ ጠበቅ አድርገሽ ያዢ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ልቀቂ። ሲለቀቅ ንፋስ ያገኛል።

ጥያቄ፦ በዜሮ ማርሽ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል ይባላል።

በአሁኖቹ መኪኖች አይቆጥብም። በማርሽ ሆነህ ነዳጅ መስጫውን ስትለቅ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይዘጋዋል። በዜሮ ከሆንክ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይጠጣል። ነዳጁንም ፍሬኑንም ከሰርክ።

ጥያቄ፦ ረዳቴ ፍሬኑ ሲግል ውሃ ያፈስበታል።

ጀሪካኑን ቀማው! የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያርፍ ሸራው የሚፈትገው ታምቡሩም (ከበሮ መሳዩ) ዲስኩም (ሳህን መሳዩ) ይሰነጠቃል። ሜዳ ቦታ ቁም፣ ጎማው ስር ድንጋይ አድርግ፣ ጠብቅ። የደንገጎ ንፋስ በነፃ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ዱባይ ነው። በውድድር መም ላይ የራሱን መኪና ይነዳል። በአንድ ቀን ሸራው አለቀ፣ ዲስኩ ሰማያዊ ሆነ። ሐሰተኛ ዕቃ ሸጠውለት ይሆን?

ላይሆን ይችላል። ከ200 ወደ 100 መቀነስ፣ ከ100 ተነስቶ ከመቆም 3 እጥፍ ሙቀት ያመጣል። መም ላይ ይሄ በየዙሩ ይደጋገማል፤ የከተማ ሸራ አይችለውም። ሰማያዊው ዲስኩ ክፉኛ መጋሉን ያሳያል። ቀለሙ ብቻውን አያስጥለውም፤ ጠርዝ የደረሰ ስንጥቅ ግን ያስጥላል።

ሁለተኛ ሲሄድ ዘይቱን አስቀይሮ ይሂድ። የሳሳ ሸራም ይዞ አይግባ፤ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ እንዳይሻገር የሚከልለው ውፍረቱ ነው። የመጨረሻውን ዙር ፍሬን ሳያበዛ በቀስታ ይዙር። ሲያቆም የእጅ ፍሬን አይያዝ፣ በማርሽ ያቁማት። የውድድር ሸራ ግን እንዳይልክልህ። እሱ ሳይሞቅ አይዝም። ከዚራ ሰፈር ላይ ባጃጅ ድንገት ሲታጠፍብህ ያዋርድሃል።

ጥያቄ፦ ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል።

አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ላይ ሸራ ተለጥፎ ወይም ውፍረቱ ተዛብቶ ነው። ቶርኖ ቤት ሊያስተካክሉት ይችላሉ። መጀመሪያ ግን አስለካው፤ ከተፈቀደው ትንሹ ውፍረት በታች ከሆነ ይቀየር።

ጥያቄ፦ ሐረር ነኝ፣ የአባቴን ፔጆ 404 ይዤ ድሬ ልወርድ ነው። ባለ ታምቡር ነች።

ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፣ ፔዳሉም ይረዝማል። መርዘም ሲጀምር አትጠብቅ፣ ዳር ያዝና አቀዝቅዛት። በሁለተኛ ማርሽ ውረድ። ከኋላህ ጥሩምባ የሚያስጨንቅ አይሱዙ ካለ አሳልፈው።