ሞተር የሌለው አውሮፕላን፣ የሚጎትተው ገመድና ቫሰርኩፔ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ልጆቼን ይዤ ቫሰርኩፔ ስወጣ ግላይደሮች (ሞተር አልባ አውሮፕላኖች) ሲነሡና ሲያርፉ እናያለን። ከታች ስንት ለጥ ያለ ሜዳ እያለ ተራራ አናት ላይ ምን አወጣቸው?

መልስ፦ ነፋሱ ነው ያወጣቸው። ቫሰርኩፔ በጀርመን የሮን ተራሮች ከፍተኛው ሲሆን 950 ሜትር ይደርሳል። አናቱ ዛፍ አልባ፣ ጎኖቹም ክፍት ስለሆኑ ነፋሱ ከየትም ቢነሳ ፊት ለፊት የሚቀበለው ቁልቁለት አይጠፋም። የዳርምስታት ተማሪዎች ይህን አይተው እ.ኤ.አ. በ1911 እዚያ መብረር ጀምረው ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቬርሳይ ውል ጀርመን ባለሞተር አውሮፕላን እንዳትሠራ ሲያግዳት፣ የአቪዬሽን መጽሔት አዘጋጅ የነበረው ኦስካር ኡርሲኑስ በ1920 የመጀመሪያውን ውድድር በዚሁ ተራራ ጠራ። የዚያ ዓመት ትልቁ በረራ የቮልፍጋንግ ክሌምፐረር ሲሆን፣ 2 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ቆይቶ 1,830 ሜትር ሄደ። ይህ እንግዲህ ተንሸራቶ መውረድ እንጂ መንሳፈፍ አይባልም።

ለውጡ የመጣው በነሐሴ 1922 ነው። አርቱር ማርተንስ የሃኖቨር ተማሪዎች በሠሩት «ቫምፒር» ከአንድ ሰዓት በላይ አየር ላይ ቆየ፤ በዚያው ሳምንት ሌላው አብራሪ ሄንትሰን ሦስት ሰዓት አለፈ። ምሥጢሩ ቀላል ነው። ነፋስ ቁልቁለት ሲገጥመው ሽቅብ ይወጣል፤ ያ ሽቅብታ ግላይደሩ ከሚወርድበት ፍጥነት ከበለጠ፣ አብራሪው በተራራው ጎን እየተመላለሰ ነፋሱ እስኪቆም ሊቆይ ይችላል። አንድ ሕግ ግን አለው፦ ሲዞሩ ሁልጊዜ ከተራራው በተቃራኒ፣ ወደ ነፋሱ ነው። ወደ ተራራው የዞረ ሰው ነፋሱን ከኋላው ስለሚያገኝ ሳያስበው ገደሉ ላይ ይለጠፋል።

በዚያ ዘመን የሚነሡት በላስቲክ ገመድ ነበር። የገመዱ መሐል አፍንጫው ሥር ካለው መንጠቆ ይገባል፤ ሁለቱን ጫፎች ብዙ ጊዜ አራት አራት ሰው ይይዛል፤ ሌሎች ጅራቱን አንቀው ይቆማሉ። ትእዛዙ ሦስት ነው፦ «አውስትሲን» ሲባል እየተራመዱ ይወጥራሉ፣ «ላውፈን» ሲባል ቁልቁል ይሮጣሉ፣ «ሎስ» ሲባል ጅራት ያዦቹ ይለቃሉ።

ጥያቄ፦ አሁን የሚስበው ዊንች እንደሆነ በቪዲዮ አይቻለሁ። እንደዚያ አፍንጫውን ሰቅሎ ሲወጣ ገመዱ ቢበጠስ ምን ይውጠዋል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ይበጠሳል ተብሎ ታስቦ ነው የሚነሣው። ዊንቹ፣ ማለትም ገመዱን በሞተር እየጠቀለለ ግላይደሩን የሚስበው ማሽን፣ ከሜዳው ማዶ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ይቆማል። ከብረት ወይም ከሰው ሠራሽ ጭረት የተሠራው ገመድ በግላይደሩ በኩል ትንሽ ፓራሹት አለው፤ ከዚያ ሆን ተብሎ ደከም እንዲል የተደረገ ማያያዣ ይከተላል፤ መጨረሻው ጥንድ ቀለበት ነው፤ መንጠቆው ውስጥ የሚገባው ትንሹ ነው። ማያያዣው የሚለየው በቀለሙ ነው፦ ጥቁሩ 1,000፣ ቡናማው 850፣ ቀዩ 750፣ ሰማያዊው 600፣ ነጩ 500 ዲካኒውተን (አንዱ የአንድ ኪሎ ክብደት ያህል ነው) ይችላል። የትኛው ለየትኛው እንደሚሆን የግላይደሩ መመሪያ ይወስናል። ጠንካራውን ማስገባት ከክንፉ በፊት መበጠስ ያለበትን ነገር ማስወገድ ነው። አሠራሩ ብልሃት አለው፦ ሁለት የብረት ሳህኖች ጎን ለጎን ይታሰራሉ፤ የአንዱ ቀዳዳ ክብ፣ የሌላው ሞላላ ስለሆነ ሁለተኛው ጭነት የሚቀበለው የመጀመሪያው ሲሰበር ብቻ ነው። ስለዚህ ብረቱ በድካም ቢሰነጠቅ ሳይደክም የተቀመጠ ተጠባባቂ አለ። ከእያንዳንዱ በረራ በፊት አገላብጦ ማየት ነው።

አነሣሡ እንዲህ ነው። የመስታወት ክዳኑና ኤር ብሬኩ (ከክንፉ ብቅ ብሎ ግላይደሩን የሚያወርደው ሳህን) መቆለፋቸው ይረጋገጣል፤ አንድ ሰው የክንፉን ጫፍ አስተካክሎ ይይዛል፤ ገመዱ ቀስ ብሎ ይወጠራል፤ ከዚያ ሙሉ ጉልበት። የአብራሪው ግራ እጅ ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ ከቢጫው የመልቀቂያ እጀታ አይነሳም። ክንፉ መሬት ሊነካ ካዘመመ ማቃናት አይሞከርም፣ ወዲያው ይለቀቃል፤ ሣር የያዘ ክንፍ ግላይደሩን አሽከርክሮ ይገለብጠዋል። አፍንጫውም የሚነሳው በዝግታ ነው። እንደ ኤ.ኤስ.ካ. 21 ባለ ሁለት መቀመጫ የማሠልጠኛ ግላይደር በዊንች ሲጎተት በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር ማለፍ የለበትም።

ገመዱ ከተበጠሰ መጀመሪያ አፍንጫውን ዝቅ፣ ከአግድሞሽ በታች። ቀጥሎ መጠበቅ፤ የፍጥነት ጠቋሚው በሰዓት ወደ 90 ኪሎ ሜትር እስኪመለስ። ከዚያ የተንጠለጠለ ቅሪት ካለ እጀታውን ሁለቴ መሳብ። ውሳኔው ከዚህ በኋላ ነው፦ ፊት ለፊት የሚበቃ ሜዳ ካለ ቀጥ ብሎ ማረፍ፣ ከሌለ አጭር ዙር። ሰው የሚጎዳው መጠበቁ ላይ ነው። አፍንጫው ወርዶ ሁሉ ነገር ደህና ይመስላል፤ ፍጥነቱ ግን ገና አልተመለሰም። በዚያች ቅጽበት ኤር ብሬክ የከፈተ ወይም የዞረ ሰው ክንፉ መሸከም ያቅተውና፣ ለማስተካከል የማይበቃ ከፍታ ላይ ይወድቃል።

ጥያቄ፦ ልጄ 14 ዓመቷ ነው፤ መማር ትችላለች? (ከጀርመን)

መልስ፦ ትችላለች። በአውሮፓ ደንብ በ14 ብቻዋን ልትበር፣ በ16 ፈቃድ ልታወጣ ትችላለች። ቢያንስ 15 ሰዓት የሥልጠና በረራ (10ሩ ከአሠልጣኝ ጋር)፣ 45 መነሣትና ማረፍ፣ የጤና ምርመራም ያስፈልጋል። ሰዓቱን ብቻ አይቁጠሩ፤ በክለብ ሜዳ ገመድ መጎተትና ክንፍ መያዝ የተማሪው ሥራ ስለሆነ ቀኑ ሙሉ እዚያው ያልቃል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ቢሞከርስ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በ2,300 ሜትር አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ጠቋሚው 90 ሲል ግላይደሩ በእውነቱ ወደ 100 ይሄዳል፤ ካረፈም በኋላ የሚንደረደርበት ርቀት ሩብ ያህል ይጨምራል። አደጋው ዓይን ላይ ነው፦ መሬቱ ከለመዱት ፈጥኖ ስለሚያልፍ እጅ ወደ ማዘግየት ያዘነብላል። መታመን ያለበት ጠቋሚው ነው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የዊንች ሞተርም ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ዊንች ይህ ችግር የለበትም። የላይኛው የፍጥነት ወሰን ግን በተቃራኒው ከፍታ ሲጨምር በጠቋሚው ላይ ዝቅ ስለሚል፣ ኮክፒቱ ውስጥ የተለጠፈችውን ሰንጠረዥ ሳያዩ ከፍ ብሎ መፍጠን አይገባም።