ሰኔ 30 ቤታችሁን ቁጠሩ

ሥራዬ ሂሳብ ነበር። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ላይ ሲዘጋ እኛ ግምጃ ቤት እንገባለን፤ ንብረት ቆጠራ። አቧራ እየቃምን ወንበር፣ ወረቀት፣ ጎማ እንቆጥራለን።

አንድ ዓመት እሠራበት በነበረ መሥሪያ ቤት ከመደርደሪያው ጀርባ አንድ ካርቶን የማተሚያ ቀለም አገኘን። ሞዴል 19 የሚባለው የንብረት ገቢ ደረሰኝ ተቆርጦለት ገቢ ሆኗል። በወጪ ማድረጊያው በሞዴል 22 ግን አንዲት ጠርሙስ እንኳ ወጪ አልሆነችም። ቀለሙ ደርቋል። በዚያው ዓመት ደግሞ ያንኑ ቀለም ጨረታ አውጥተን ገዝተናል! የሰረቀ ሰው አልነበረም። መጋዘን ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቅ ሰው ነው የጠፋው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ሥራ ፈትቼም ይሁን ለምዶብኝ፣ ቤቴን ቆጠርኩ። የስልክ ቻርጀር 11፤ የሚሠሩት 4 ብቻ። የእጅ ባትሪ 3። ካውያ 2፤ አንዱ ገመዱ ብቻ የተበጠሰ። የዋጋው ወረቀት ያልተነሳለት ሸሚዝ 2። "ይሄን ደግሞ መቼ ገዛሁት?" ብዬ ባለቤቴን ብጠይቃት፣ "ቅናሽ አለ ብለህ እየሮጥክ የሄድክ ዕለት ነዋ!" አለችኝ። ዝም አልኩ።

የምትሉትን አውቃለሁ። "አባባ፣ ብር እኮ በየቀኑ እየረከሰ ነው። ዛሬ ያልገዛነውን ነገ አንደርስበትም።" የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ይሄን ክርክር እኔም ቤት ሰምቼዋለሁ። የዓመት ጤፍ ወይም የቤት መሥሪያ ብረት ከሆነ አልከራከራችሁም። አራተኛ ጫማ ግን አልጋ ሥር ተቀምጦ አይወልድም። ስልክም ከካርቶኑ በወጣ ማግስት ዋጋው ይወርዳል። እኛ የእርጅና ተቀናሽ እንለዋለን። ደረሰኝ አይቆረጥለትም እንጂ ከኪሳችሁ የሚወጣ ነው።

ስለዚህ ቴሌግራም ላይ ያያችሁትን "አምጡልኝ" ከማለታችሁ በፊት ወረቀትና እስክርቢቶ ይዛችሁ ቁም ሣጥኑን ክፈቱ። በዓመት አንዴ ይበቃል። የተበላሸውን ለብቻ አውጡ። የእኔን ካውያ የሰፈር ኤሌክትሪክ ሠሪ ገመዱን ቀየረለት፤ ዛሬም እንተኩስበታለን። የማትለብሱትን ለሚለብስ ስጡ። ቀሪውን "ቆራሌው!" እያለ በበራችሁ ለሚያልፈው ሽጡለት። መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል። መዶሻው ጆሮ ያደነቁራል። አሮጌ በርሜል ምድጃ ሆኖ ይወጣል፣ ያለቀ የመኪና ጎማ በረባሶ ይሆናል።

ወጥ ቤቱን አልቆጠርኩም። እዚያ ባለቤቴ ከእኔ የበለጠች ኦዲተር ናት። የተረፈ እንጀራ ሻጋታ ሳይቀድማት ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። ድርቆሽ ይሆናል፤ እንግዳ ድንገት ሲመጣ ቁሌት ላይ ይገለበጥና ፍርፍር ቀረበ ማለት ነው። የሃይላንድ ላስቲክም እኛ ቤት አይጣልም፤ ዘይት ይቀዳበታል። (ይሄኛውን እኔም አንዳንዴ አበዛችው እላለሁ። ጓዳው ሃይላንድ ብቻ ሆኗል።)

እግሬ ላይ ያለውን ጫማ የገዛሁት በ1998 ነው። ሶሉ ሦስቴ ተቀይሯል። ባለፈው ሳምንት ሊስትሮው ቀለም እየቀባ፣ "አባባ፣ ይሄ ጫማ እኮ በዕድሜ ይበልጠኛል" አለኝ። ስንት ዓመትህ ነው ብዬ ብጠይቀው 17 አለኝ።

እውነቱን ነው።