የአመራር ስልጠና ልግባ ወይስ ይቅርብኝ ለምትሉ

ሰሞኑን አንዲት የዘመድ ልጅ በቴሌግራም ጻፈችልኝ፣ «ጋሼ፣ የማህበረሰብ አመራር ስልጠና ተመርጫለሁ፣ ከተማ አስተዳደሩና አንድ የውጭ ድርጅት አብረው የሚሰጡት ነው፣ ልግባ ወይስ ጊዜ ማባከን ነው?» ትላለች። ግቢ ብዬ በአንድ ቃል ልመልስላት ነበር፣ ግን ጥያቄው የአንድ ቦኖ፣ የሰፈር የጋራ ውሃ ቧንቧ፣ ነገር አስታወሰኝና ቁጭቴ ተነሳብኝ፣ ስለዚህ ለሷ ብቻ ሳይሆን እንደሷ ለምትጠይቁ ሁሉ ልጻፈው አልኩ። ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እኔ ሳኒተሪያን፣ ማለትም የአካባቢ ጤና ባለሙያ፣ ነበርኩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ቦኖው ጎንደር ውስጥ ወደ አዘዞ መስመር ካሉት ሰፈሮች በአንዱ ነው የነበረው፣ ዘመኑም 1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ። የጎንደርን ውሃ ነገር ለናንተ አልነግርም፣ ጄሪካን ደርድራችሁ ፈረቃ ስትጠብቁ ነው ያደጋችሁት፣ አንገረብ ግድብ ከላይ በሚወርደው አፈር እየተሞላ ከተማው ደግሞ በየዓመቱ እየሰፋ፣ የመገጭ ግድብም ይኸው እስከዛሬ ይጠበቃል። ያኔ አንድ ድርጅት የቧንቧውን ወጪ ቻለ፣ ህዝቡ ድንጋይ አቀረበ፣ ቦይ ቆፈረ፣ ከከተማው መስመር ተቀጠለና ቦኖው ቆመ። ዛሬ ይሄንን አጋርነት ይሉታል። ያኔ ስምም አልነበረው፣ በቃ ሰፈሩ ተነስቶ ሰራው።

ቁልፉን የያዙት አንዲት ጠላ የሚሸጡ እናት ነበሩ፣ የሴቶች እድሩ ገንዘብ ያዥ። ማንበብ አይችሉም። ሂሳቡን ግን ጓዳቸው ግድግዳ ላይ በከሰል እያሰመሩ ይይዙት ነበር፣ የማን ቤት ስንት ጄሪካን ቀዳ፣ ማን ሀዘን ላይ ስለሆነ በዱቤ ወሰደ፣ ማን ከፍሎ ጨረሰ፣ ሁሉም ግድግዳው ላይ አለ። ቧንቧው መንጠባጠብ ከጀመረ አያሳድሩትም፣ ያችን ላስቲክ አስገዝተው የሰፈር ቧንቧ ሰራተኛ ጠርተው በዛው ቀን ያስቀይራሉ። አንዴ አንድ ጎረምሳ ሰልፍ ጥሶ ጄሪካኑን ፊት አስቀመጠ። ድምፃቸውን እንኳን ከፍ ሳያደርጉ «አንተ፣ ነገ ቤትህ ሀዘን ሲገባ ድንኳኑን ማን ሊተክልልህ ነው?» አሉት። ጄሪካኑን አንስቶ ወደ ኋላ ሄደ። እኔ በኮሌጅ ስንት ኮርስ ስወስድ እንዲህ ያለ የህግ ማስከበር አላስተማሩኝም።

ከዛ ስልጠናው መጣ። ሆቴል አዳራሽ፣ ፍሊፕ ቻርት፣ ሻይ ቡና፣ አበል። የውሃ ኮሚቴው «በሰለጠነ አመራር» ይተካ ተባለ፣ መስፈርቱ ደግሞ አስረኛ ክፍል ያጠናቀቀ ይላል። እሳቸው ያልፋሉ ወይ ብዬ ጠየቅሁ፣ ወዳጆቼም ጠየቁ፣ ፎርሙ ከላይ የመጣ ነው ተባልን። ሶስት ወጣቶች ተመረጡ፣ ሰለጠኑ፣ ሰርተፍኬት ወሰዱ። ልጆቹ ሌቦች አልነበሩም፣ ይሄን አስምሩበት፣ እንዳውም ጎበዞች ነበሩ፣ በሶስት ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ደብተር ከፈቱ፣ ደረሰኝ አሳተሙ፣ ሁሉን ነገር እንደተማሩት አደረጉ። እሳቸው ቁልፉን በቃለጉባኤ አስረከቡ፣ በጣት አሻራ።

እንግዲህ ወጣት ምን ያደርጋል፣ ስራ ያገኛል፣ ይሄዳል። አንዱ መተማ ሄደ፣ ሁለተኛው አዲስ አበባ፣ ልጅቷ ደግሞ አረብ አገር። ቀጥሎ ቧንቧው ተሰበረ፣ ጥቂት ብር የሚያወጣ እቃ ነው። ብር አለ፣ ባንክ ተቀምጧል። ባንኩ ሶስቱም ይምጡ ወይ የፈራሚ ለውጥ ደብዳቤ ይቅረብ አለ፣ ቀበሌው ጠቅላላ ጉባኤ የወሰነበት ቃለጉባኤ አምጡ አለ፣ ለጉባኤው ሰው ሲጠራ አይሞላም፣ ሲሞላ ደግሞ መዝገቡ አዲስ አበባ በሄደው ልጅ ሻንጣ ውስጥ ነው ተባለ። እንደዚህ እየተባለ ቦኖው ደረቀ። ህዝቡ በአህያ ተጭኖ ወደሚሸጠው ውሃ ተመለሰ፣ ባለአቅሙ ገዛ፣ የሌለው ወንዝ ወረደ፣ እኛም ጤና ጣቢያ የህፃናት ተቅማጥ መመዝገብ ጀመርን።

አንድ ቀን እኚያን እናት «እማማ፣ እርስዎ ለምን ሰው አስተባብረው አላሰሩትም?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ያስረከብኩትን ቁልፍ ምን ብዬ ልጠይቅ?» አሉኝና ጠላ ቀዱልኝ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ቧንቧው መሰበሩ አይደለም፣ ቧንቧ ይሰበራል። ብሩ እያለ፣ ሰውም እያለ፣ የሚሰራው አደረጃጀት እዛው ሰፈር ውስጥ እያለ በላዩ ላይ ሌላ አደረጃጀት ተጫነበት፣ አዲሱ ሲሄድ አሮጌውንም ይዞት ሄደ።

ታዲያ ስልጠና አያስፈልግም ልል ነው? አዎ ብል ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን እኔ ራሴ የስልጠና ልጅ ነኝ። የኛ የጎንደር ጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ፣ በ1947 የተከፈተው እኮ ቆላ ድባ ላይ ወባ ደንቢያን ሺ በሺ ከጨረሰ በኋላ ነው፣ መንግስትም የአለም ጤና ድርጅትም ዩኒሴፍም አሜሪካኖቹም አብረው ገብተውበት። ሄልዝ ኦፊሰር፣ ኮሚኒቲ ነርስና ሳኒተሪያን በአንድ ቡድን እየሆንን ገጠር ጤና ጣቢያ ነበር የምንላከው፣ ሽንት ቤት ስናስቆፍር ውለን ማታ አንድ ፋኖስ ከበን ሪፖርት እንጽፋለን፣ ሲጥል የነበረው ዝናብማ... ተዉት፣ እሱ ሌላ ጨዋታ ነው። ብቻ ያ ስልጠና የሰራው ሰውየው ካለበት ቦታ ሄዶ ስለነበረ ነው፣ ሆቴል ስላልነበረ።

የዛሬ ወጣቶች ላይ ቅር የሚለኝ ነገር አለ፣ ልደብቀው አልችልም። የሰርተፍኬቱን ፎቶ ፖስት ታደርጋላችሁ፣ የሰፈራችሁን እድር ዳኛ ግን ስም አታውቁም። አበል ከሌለ ስብሰባ አይሞላም። እላለሁ እንጂ ጥምቀት ሲመጣ ደግሞ አፌን ታስይዙኛላችሁ፣ መንገዱን የምትጠርጉ፣ ለታቦታቱ ምንጣፍ የምታነጥፉ፣ ያን ሁሉ ህዝብ በስርዓት የምታሳልፉ እናንተው ናችሁ፣ ማን አበል ከፈላችሁ? ኮብልስቶኑ ሲነጠፍም እየዞራችሁ ከየቤቱ መዋጮ የሰበሰባችሁ አላችሁ። ስለዚህ አትችሉም የሚለኝ ሰው ካለ እጣላዋለሁ።

ስለ ሀቀኝነት፣ ሰዓት ስለማክበር ምናምን አልጽፍም፣ እሱን ወላጆቻችሁ ነግረዋችኋል። ግቡ። ግን በመጀመሪያው ሳምንት አሰልጣኙን አንድ ነገር ጠይቁልኝ፣ እኛ ስራ አግኝተን ስንሄድ ማን ነው የሚፈርመው? መልስ ከሌለው ከፈራሚዎቹ አንዱ የማይሄድ ሰው ይሁን በሉ፣ ቤት ያለው፣ ልጆቹን እዛው ያሳደገ፣ የእድር ሰው። ማንበብ ባይችል በአሻራ ይፈርም፣ ባንክ አሻራ ይቀበላል። ፕሮጀክቱን ስትቀርፁም መጀመሪያ እድሩ በሚሰበሰብበት ቀን ሂዱ፣ ላፕቶፕ ሳትይዙ፣ ዳር ተቀመጡና ስሙ፣ የቀረ ሰው እንዴት እንደሚቀጣ፣ ያልከፈለ እንዴት እንደሚታገስ እዩ።

ጎንደር እኮ ብዙ በር አላት፣ ፈረንሳይ ከቨንሰን፣ አሜሪካ ውስጥ ከኮርቫሊስና ከሞንትጎመሪ ካውንቲ ጋር የእህትማማችነት ግንኙነት አላት፣ ውጭ ያለው የጎንደር ልጅም ብዙ ነው። በየሰፈሩ የራሱ ሂሳብና የራሱ ሰው ያለው ነገር ይዛችሁ ብትቀርቡ የሚሰማችሁ አታጡም ብዬ አምናለሁ፣ ጊዜው ከባድ ቢሆንም።

እና ማንበብ የማይችል ሰው ይምራ ብያለሁ ብላችሁ መጻፉን እንዳትተዉት ደግሞ፣ ግድግዳ ይለሰናል፣ ከሰል ይጠፋል። ቃለጉባኤው ሁለት ቅጂ ይሁን፣ አንዱ እድር ቤት ሳጥን ውስጥ ይቆለፍ፣ ሌላውን ገፅ በገፅ ፎቶ አንሱና የሰፈሩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጫኑት፣ በቴሌግራሙስ ማንም አይደርስባችሁም።