«ይተኛ፣ ይለቀዋል» ያሉሽን አትስሚ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 18 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ፍቅረኛዬ 19 ዓመቱ ነው፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ሰው ሁሉ የሚወደው ልጅ ነው። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ አረቄና ቢራ ደባልቆ እስኪወድቅ ይጠጣል። ማታ እያለቀሰ «ያላንቺ አልኖርም» ይለኛል፤ ጠዋት ያለውን አያስታውስም። ባለፈው ሲያስቸግረኝ ቡና በሎሚ ጋትኩት፤ እንዲተኛም ብዬ የእናቴን ዲያዜፓም ሰጠሁት። እስከ ረፋድ አልነቃም። ለቤተሰቡ አልተናገርኩም። ለጉበቱ የሚሆን ቫይታሚን ይንገሩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ የቫይታሚኑን ነገር ተይው። አንቺም የፈራሽው ጉበቱን አይመስለኝም። አንድ ቅዳሜ አጠገብሽ እንደተኛ እንዳይቀር ነው የፈራሽው። ፍርሃትሽ ልክ ነው።

«ተዉት ይተኛ፣ ይለቀዋል» ይባላል። ልጁ ቢተኛም ሆዱ ውስጥ የቀረው አረቄ ወደ ደም መግባቱን አያቆምም፤ ከተኛ በኋላ ሊብስበት ይችላል። በዚያ ላይ ያስታውከዋል፤ ጉሮሮው ስለደነዘዘ ማሳል ያቅተውና ትውከቱ ወደ ሳንባው ይገባል። በጀርባው አታስተኚው፤ በጎኑ አድርጊው፣ የላይኛውን ጉልበቱን እጠፊለት። ጥለሽው አትሂጂ። ስልክሽን አውጪና ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ። ከ8 በታች ከሆነ፣ በትንፋሽና በትንፋሽ መካከል 10 ሰከንድ ካለፈ፣ ከንፈሩ ወይም ጥፍሩ ከጠቆረ፣ ቆንጥጠሽው ካልነቃ፣ ካንዘፈዘፈው፣ ከእነዚህ አንዱ ይበቃል። 907 ደውለሽ አምቡላንስ ጥሪ፤ ከዘገየ በታክሲ ይዘሽው ሩጪ። ቡናውም፣ ሎሚውም፣ ራሱ ላይ የሚያፈሱት ቀዝቃዛ ውሃም ከደሙ ጠብታ አልኮል አያወጡም። የሚያስወግደው ጉበት ነው፤ እሱም አይቸኩልም፣ ለአንዲት ጠርሙስ ቢራ እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል።

ዲያዜፓሙ ጋ ስደርስ ግን ተናደድኩ። ለእናትሽ የታዘዘ መድኃኒት ለሰከረ ሰው! አልኮልም ዲያዜፓምም ትንፋሽን ያዳክማሉ፤ ሲገናኙ ጭራሽ ሊያቆሙት ይችላሉ። እስከ ረፋድ ያልነቃው እንቅልፍ ስለጣመው እንዳይመስልሽ። ዳግም እንዳታደርጊው።

«ያላንቺ አልኖርም» ብሎ ጠዋት መርሳቱ ውሸታም ስለሆነ አይደለም። ብዙ አልኮል በአንዴ ሲገባ አንጎል የሆነውን መመዝገብ ያቆማል፤ ሰውየው ግን ያወራል፣ ይስቃል፣ ያለቅሳል። ስለዚህ የቅዳሜ ማታውን ቃል እንደ መሐላ አትያዢው። ማክሰኞ ከሰዓት፣ ምንም ሳይቀምስ፣ ምን እንደሚልሽ ስሚ። ተጫዋችነቱም ችግሩን ይሸፍንለታል፤ ሳቂታ ልጅ ሲጠጣ ሰው ይጋብዘዋል እንጂ አይቆጣውም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ መሸጥ ክልክል ነው፤ የሚቀዳለት ሰው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው ብዬ ራሴን አላታልልም።

የሚጠጣው በአንቺ ምክንያት አይደለም፤ ስለወደድሽውም አይተውም። የሚያስፈልገው ሕክምና ነው። እስካሁን ዝም ማለትሽ ምንም አልጠቀመውም። ከመጪው ቅዳሜ በፊት ከቤተሰቡ ለምታምኚው ሰው ንገሪ። ልጁ ይቆጣሻል፣ ይቆጣ። ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ አማኑኤል ሆስፒታልም የሱስ ሕክምና አለ፣ እዚያ መሄድ ማበድ አይደለም። በየቀኑ መጠጣት ጀምሮ ከሆነ ግን ቤት ዘግታችሁበት በአንዴ አታስቁሙት፤ አንዘፍዝፎ ሊጥለው ይችላልና በሐኪም ክትትል ይሁን። አንቺም ጠጥቶ ሞተር ወይም መኪና ከያዘ አብረሽው አትሂጂ፣ ቢያኮርፍሽም።